ፈርሂያና የሱሀይላ ምሳ ዕቃ

ፈርሂያ ቁጭ ብላም አትቀመጥም። የስፌት መኪናዋ ላይ ሆና እግሯ ፔዳሉን ይረግጣል፣ እጇ ጨርቁን ይገፋል፣ አፏ ክር ይነክሳል፣ ዓይኗ ደግሞ መንገዱ ላይ ነው። ቦታዋ መካነ ሰላም ውስጥ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። የትምህርት ቤታችንን የደንብ ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት። ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። ልጆቹን ስትለካ «ቁም! አትተንፍስ! ሂድ!» ትላቸዋለች፤ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ። ምሳዋን ቆማ ነው የምትበላው፤ እሱንም ከበላች።

እኔ አለምነው እባላለሁ፤ እዚያው ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል መምህር ነኝ። ቁጡ ነኝ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ራሴ ብናገረው ይሻላል። ስለ ፈርሂያ የምጽፈውም አንድ ቀን በሰው ፊት ጮኼባት ስለማላውቅ ነው ብል እዋሻለሁ። ጮኼባታለሁ። የጮኽኩበትም ነገር የራሴ ጥፋት ነበር።

ፈርሂያ የምታሳድገው የታናሽ እህቷን የመዲናን ልጅ ነው። መዲና ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ልጅቷ ሱሀይላ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሳቂታ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ማንበብ የምትወድ፣ የጓደኛዋንም ምሳ ቀምሳ አስተያየት የምትሰጥ። መዲና ስትሄድ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። በአካባቢያችን እንዲህ በአደራ የተተወ ልጅ አማና ይባላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እንዲሁ ነው የሚለው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ፤ ፈርሂያ ይህን ተረት ከማንም በላይ የምታውቅበት ምክንያት ነበራት፤ እኔ ግን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ የመዲና አሠሪዎች ጋደም ሲሉ፣ ስልኩ ይጮኻል። ፈርሂያ ስልኩን ትይዛለች፤ ሱሀይላ ፊት ለፊት ትቆማለች። «ዙሪ እስቲ» ትላለች መዲና ከጅዳ። «ወደዚህ ዙሪ። ጉንጭሽን አሳዪኝ። ማሻ አላህ! ማሻ አላህ!» እንግዲህ የእናትየው መተማመኛ ያ ጉንጭ ነበር። ልጅ ከወፈረች የተላከው ሁሉ ልጅቷ ሆድ ገብቷል ማለት ነው፤ ከከሳች ሌላ ሰው በልቶታል። ፈርሂያ ሁልጊዜ ከስልኩ ጀርባ ናት። ጅዳ የሚደርሰው ድምጿ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ደንቡ ልምጣ። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ልጆቻችን ቁርሳቸውን ብስኩት፣ ምሳቸውን ቺፕስና ለስላሳ አድርገው ይመጡ ጀመር፤ በተለይ ከዓረብ አገር ብር የሚላክላቸው ቤቶች ልጆች። እናት የሌለችበትን ቤት ስኳር እንዲሞላው የተፈረደበት ይመስል! የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ጥላ ሥር የሚቀመጡ ልጆች በዙ። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ለስላሳና ብስኩት እንዳይሸጥ፣ በምሳ ዕቃ ውስጥም እንዳይመጣ፣ በየቀኑ ሁሉም ልጅ ግማሽ ሰዓት እንዲሮጥ ጻፍኩ። ርእሰ መምህሩ ማኅተም አደረገበት።

አባቴ የለጋምቦ ደጋ ገብስ አራሽ ነው። ደንቡን ስነግረው «ወፈሩ ብላችሁ ነው ስብሰባ የተቀመጣችሁት?» ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። አልፈረድኩበትም። በዚህ ምድር ስለ ጥጋብ ደንብ ሲወጣ እሱ በዕድሜው አላየም። ግን ተናድጄ ወጣሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት የበር ጥበቃችን ጋሽ ሞላ የሱሀይላን የውኃ ኮዳ ከፍተው አሸተቱና ጠሩኝ። «መምህር፣ ይኼ ውኃ ሲከፈት ይተነፍሳል» አሉ። ለስላሳ ነበር። ልጅቷ ሳቋ መጣባት፤ እኔ ግን ኮዳውን ይዤ ፈርሂያ በረንዳ ድረስ ሄድኩ።

«ጥማቷ ነው» አለች ፔዳሉን ሳታቆም። «አንተ ልጅ አልወለድክ፤ ምን ታውቃለህ?»

«ደንብ ነው፣ እቴ ፈርሂያ። ለእርሷው ብለን ነው።»

«ደንቡን የምታወጡት እናንተ፣ ልጄን የት አደረስሻት የምባለው እኔ!» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። እየተነጫነጨችም ቢሆን ለስላሳውን አቆመች።

ከዚያ ነው እኔ የተሳሳትኩት። ከጤና ጣቢያው ሲስተር ሰርካለም መጥታ ልጆቹን ሁሉ መዘነች፤ ቁመታቸውንም ለካች። ከሦስት መቶ ምናምን ልጅ ሠላሳ ዘጠኙ ከሲታ፣ ዐሥራ አራቱ ደግሞ ከልክ በላይ የከበዱ ሆኑ። ሱሀይላ ከዐሥራ አራቱ አንዷ ናት። ሲስተር ዝርዝሩን ለእኔ ሰጥታ ሄደች፤ ለየወላጁ የሚላከውን ካርድ የሞላሁት እኔ ነኝ። የከሲታዎቹን ስም በሰማያዊ፣ የከበዱትን በቀይ ከሥሩ አሰመርኩ። ለምን በቀይ? መምህር ነኛ! ስሕተትን በቀይ ካላረምኩ በምን ላርም?

ካርዱ በሄደ ማግስት ፈርሂያ ፀጥ አለች። መንገድ ላይ ሳገኛት አልተከራከረችኝም፤ አልቀለደችብኝም፤ «አሰላሙ አለይኩም» ብላ አንገቷን ደፍታ አለፈች። ገባት አልኩ። እንዲያውም ለባልደረቦቼ «ወረቀት ሲያዩ ያምናሉ» ብዬ ተመጻደቅሁ። አሁን ሳስበው አፌን በያዝኩት ኖሮ እላለሁ።

ወሩ ሳይሞላ የሱሀይላ የደንብ ልብስ ሁለት ጊዜ ሰፋ። ጎንና ጎኑ ላይ ከሌላ ብትን የተቀጠለ ጨርቅ አየሁ። ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። አንድ ማክሰኞ ሜዳውን ስትሮጥ ግማሽ ሳትደርስ ቆመች፤ ጉልበቷን ይዛ አፏን ከፍታ አየር ፈለገች፤ ከንፈሯ ጠቆረብኝ። አቅፌ ወደ ጥላ ወሰድኳት። «ጋሼ፣ ሆዴ ሞልቷል» አለችኝ። «ገና ሦስት ሰዓት እኮ ነው፤ ምን በልተሽ?» ብላት ፊቷን አዞረች።

በነጋታው በዕረፍት ሰዓት ጋሽ ሞላ እየሮጡ መጡ። እሳቸው ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። «ከኋላ አጥሩ ጋ ና» አሉኝ። ስደርስ ፈርሂያ ከአጥሩ ውጭ፣ ሱሀይላ ከውስጥ ቆመዋል። በቆርቆሮ አጥሩ ቀዳዳ ጨጨብሳ እየተላለፈ ነው፤ ቅቤው በቆርቆሮው ላይ ወርዷል፤ ከሥሩ ስኳር የተበጠበጠበት ወተት በብርጭቆ ተቀምጧል። ልጅቷ እንባዋ እየወረደ ታኝካለች። ፈርሂያ «አንድ ብቻ፣ እናቴ፣ ልሙትልሽ፣ አንድ ብቻ ጨምሪልኝ» ትላለች።

ያን ጊዜ ነው የጮኽኩት። «ልጅቷን ልትገድያት ነው?» አልኩ። እቴ እንኳ ሳልላት። ልጆች እያዩ፣ መንገደኛ ቆሞ እየሰማ።

ፈርሂያ እጇ ቀዳዳው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ፊቷ አመድ መሰለ። «አንተ ነህ ቀይ ያደረግካት!» አለች። «በገዛ እጅህ ቀይ አስምረህ ላክህ፤ አሁን ደግሞ ለምን አበላሻት ትለኛለህ? ጭራሽ ልትገድያት ነው ትለኛለህ? እኔን?»

«ቀይ ማለት እኮ ወፍራለች ማለት ነው! ካርዱ ላይ ተጽፏል!»

«ቀይ ወፍራለች?» ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ። «ቀይ የት አገር ነው ወፍራም የሚሆነው?»

ጋሽ ሞላ ከጎኔ «ያ ረቢ» አሉ ቀስ ብለው። የኦርቶዶክስ ሰው ናቸው፤ ሲጨንቃቸው እንዲህ ነው የሚሉት። እሳቸው ቀድመውኝ ገብቷቸዋል። እኔም ቆይቶ ገባኝ። እዚህ ደጋ የተወለደ ልጅ ሁሉ ጤና ኬላ ሲሄድ ክንዱ ላይ ባለ ሦስት ቀለም መለኪያ ይጠመጠምበታል። አረንጓዴ ደህና፣ ቢጫ ይጠንቀቅ፣ ቀይ ከሆነ ልጁ በረሃብ እየሄደ ነው። ማንበብ የማትችል እናት ሁሉ ይህን ታነባለች። እኔ የገበሬ ልጅ ሆኜ፣ የወንድሜ ክንድ ቢጫ ላይ ሲቆም እናቴ ስታለቅስ አይቼ፣ ቀይ እስክሪብቶ አነሣሁ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ማታውኑ ወደ በረንዳዋ ሄድኩ። መኪናዋን እየሸፈነች ነበር። ሸፈነችው፤ ገለጠችው፤ መልሳ ሸፈነችው። ቆማ ነገረችኝ።

«ሰዕዳ የምትባል ልጅ ነበረችኝ። ዐሥራ አራት ወሯ ነበር ሪያድ ስሄድ። ከአጅባር ወዲያ ገጠር፣ ለባሌ እናት አማና ሰጥቻት ነው የሄድኩ። ወር በወር ላክሁ። የላክሁት ቆርቆሮ ሆኖ ጣሪያ ላይ ወጣ። መዲና ያን ጊዜ ልጅ እግር ናት፤ ልትጠይቃት ሄዳ ያየችውን አይታ፣ አዝላ ጤና ኬላ ያደረሰቻት እሷ ናት። ደወለችልኝ። ‹ክንዷን በዚያች ባለ ቀለሟ ለኳት፤ ቀይ ላይ ቆመ› አለችኝ። ወላሂ፣ ቀይ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። በሳምንቱ አወቅሁት።» ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። «አማቴን አደራ በላ ብያታለሁ። እስከ ዛሬ አፉ ብዬ ይቅር አላልኳትም። ካርድህ ሲመጣ ቀዩን አየሁ፤ ሌላውን ምን ብዬ ላንብብ?»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ። እኔ ግን ልጥ አልነበረም ያሳየኋት፤ ያንኑ እባብ ነው። «አፉ በይኝ» አልኳት። «ለልጅቷ ምን እናድርግ?» አለችኝ እንጂ አፉ አላለችኝም።

ቅዳሜ ሲስተር ሰርካለም ጋ ወሰድኳቸው። ሲስተር ሱሀይላን መርምራ፣ ስኳርና ቅቤ እንዲቀንስ፣ ልጅቷ በቀን በቀን እንድትንቀሳቀስ፣ እንዳትራብ ግን አደራ አለች። ለፈርሂያ መንገድ ማሳየት ነው የሚበቃው። ለማወፈር የቸኮለችውን ያህል ለማቅጠን ቸኮለች። ምሳ ዕቃው ውስጥ ሽሮ ፍትፍት፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ጎመን፣ አንዳንዴም እንቁላል ገባ። በጠዋት ልጅቷን ከከተማው ወጣ ብሎ እስካለው ዳገት አስከትላት ትሄዳለች፤ እሷ ከፊት ትሮጣለች፤ ልጅቷ ከኋላ እየተማረረች ትከተላለች። «ጋሼ፣ አክስቴን ደንብ አውጡላት» አለችኝ ሱሀይላ አንድ ቀን፤ «እሷ ግን ንፍሮዬን እንኳ አትቀምስም።» ሳቅሁ። የመጨረሻውን ቃሏን ልብ አላልኩትም።

በሦስት ወር ውስጥ የተቀጠለው ጨርቅ ተፈታ። ቀሚሱ ተመልሶ ጠበብ ተደርጎ ተሰፋ። ልጅቷ ሜዳውን አንዴ፣ ከዚያ ሁለቴ ዞረች። ደስ ብሎኛል፤ ፈርሂያ ግን ባሰባት። መርፌ ትሰብራለች፤ የሰው ልብስ አሳጥራ ትሰፋለች። ለመዲና አልነገረቻትም።

«ንገሪያት እንጂ» አልኳት።

«ምን ብዬ? ልጅሽን ምግብ ቀነስኩባት ልበላት? እሷ ሰዕዳን ያዘለች ሰው ናት!»

ስለዚህ አርብ አርብ ሱሀይላን በቀሚሷ ሥር ሁለት ሹራብ ታለብሳት ጀመር። አንገቷ ላይ ፎጣ ትጠቀልልላታለች። «ብርዱ ከፍቷል» ትላለች ከስልኩ ጀርባ ሆና። የእኛ አገር ብርድ ለማንኛውም ሰበብ ይበቃል። መዲናም «ማሻ አላህ» ትላለች። እኔ አውቄ ዝም አልኩ። ያም ሁለተኛ ጥፋቴ ነው።

አንድ ሐሙስ ነገሩ ፈነዳ። ጎረቤት ሰርግ ነበር። አንዱ ጎረምሳ ሱሀይላ ስትጨፍር ቀርፆ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ክንደ ጉርድ ቀሚስ ለብሳ፣ ትከሻዋን ስትሰብቅ የአንገቷ አጥንት ይታያል። ጅዳ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። መዲና ደውላ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «አደራ በላ!» አለች። ከዚያ እሑድ አህመዲን መጥቶ ልጅቷን ወደ አቀስታ ከተማ ይወስዳታል ብላ ዘጋች። አህመዲን የሱሀይላ አጎት፣ የአባቷ ወንድም ነው።

አርብ ከሰዓት ፈርሂያ ክፍሌ ድረስ መጣች። ሳታንኳኳ። «አንተ ያመጣኸው ነው፤ ና አንተው ተናገር» አለችኝ። ተማሪዎቼን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ተከተልኳት። እየሮጠች ነበር፤ እኔም ሮጥኩ።

በረንዳው ላይ ከምሳ ዕረፍት ያልተመለሰችው ሱሀይላ ምሳ ዕቃዋን ታቅፋ ቆማለች። ያን ቀን ሹራብ አልነበረም። ስልኩ ጮኸ። ፈርሂያ እንደ ወትሮው ከጀርባ ያዘችው። እኔ ራሴን አስተዋውቄ ስለ ደንቡ፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ሲስተር ምርመራ ማስረዳት ጀመርኩ።

«መምህር» አለች መዲና አቋርጣኝ፤ «ደግ ሰው ትሆናለህ። እኔ ግን ዓይን አለኝ። ልጄ ከስታለች። ያቺ ሴትዮ የኔን ልጅ ሹራብ አልብሳ ሦስት ወር ስታሾፍብኝ ነበር።»

ፈርሂያ ከስልኩ ጀርባ «መዲና» አለች። ድምጿ ተሰነጠቀ። «ካርድ ላኩልኝ። ስሟ ላይ ቀይ ነበር።»

«ቀይ?» አለች መዲና። «የሰዕዳ ቀይ?»

«የሰዕዳ ቀይ መስሎኝ። አንድ ወር ሙሉ እያለቀሰች አጎረስኳት። ለካ ወፍራለች ማለት ነው። ልጅሽን በምግብ ልገድላት ነበር። ይህን እንዴት ልንገርሽ?»

መዲና ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፋ አቆመችው። ከኋላዋ የሰው ወጥ ቤት ይታያል፤ ነጭና ንጹሕ። ከዚያ እጇን ወደ አንገቷ ሰዳ በክር የተንጠለጠለ ቁልፍ አወጣች።

«ይኼን ታያላችሁ? የጣፋጩ ቁም ሳጥን ቁልፍ ነው። እዚህ የማሳድጋቸውን ሦስቱን ልጆች ሐኪም ስኳር ከልክሏቸዋል። እናታቸው ቁልፉን ለኔ ሰጠችኝ። እግሬ ላይ ወድቀው ሲያለቅሱ እንኳ አልከፍትላቸውም፤ ያማቸዋላ! ለኔ ልጅ ግን ብስኩት አይጉደልባት እያልኩ…» አልጨረሰችውም። «ሱሀይላ» አለች፤ «ያምሻል እንዴ የኔ እናት?»

«አያመኝም! ሜዳውን ሁለቴ ዞርኩ፣ እማ! ሳልቆም!»

መዲና በመሐረቧ ፊቷን ጠረገች። «ለአህመዲን እደውላለሁ። እሑድ አይመጣም። አፉ በይኝ፣ ፈርሂያ።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለች ፈርሂያ። ወዲያው አንድ እጇ ጨርቅ ማጣጠፍ ጀመረ።

«ፈርሂያ፣ ስልኩን አዙሪው።»

«ምን ይሠራልሻል? ልጅሽን እይ።»

«ሱሀይላ፣ አንቺ ቀሚያትና አዙሪልኝ።»

ሱሀይላ ስልኩን ከአክስቷ እጅ ወስዳ አዞረችው። መዲና እህቷን በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት። እኔም፣ በየቀኑ የማያት ሰውዬ፣ ያን ጊዜ ነው ያየኋት። ቀሚሷ ጎንና ጎኑ በራሷ ስፌት ጠብቧል፤ ስፌቱ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሞ ነው። ጉንጯ የለም።

«ያ ረቢ» አለች መዲና። «የሰውን ሁሉ ልጅ ትለኪያለሽ። አንቺን የሚለካሽ ማነው?»

ፈርሂያ «ሥራ አለብኝ» ብላ ዞረች። ሱሀይላ ግን ስልኩን መኪናው ላይ አቁማ ሜትሩን ከአንገቷ ስባ ወሰደችው። «ቁሚ!» አለች በዚያ ጎርናና ድምጿ። «አትተንፍሺ!» ክንዷ ላይ ጠመጠመችው፤ ጎንበስ ብላ አነበበች። «ዐሥራ ዘጠኝ።»

ዐሥራ ዘጠኝ ለትልቅ ሰው ምን ቀለም እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። የጠየቀም የለም። ፈርሂያ ሦስተኛውን ቃል ጠበቀች፤ «ሂጂ» እስክትባል።

«ተቀመጪ» አለቻት ሱሀይላ። ምሳ ዕቃውን ከፍታ መኪናው ላይ፣ ከስልኩ አጠገብ አስቀመጠች። ከንፍሮው ግማሹ ተርፎ ነበር። ፈርሂያ ተቀመጠች፤ እግሯን ከፔዳሉ አውርዳ መሬት ላይ አሳረፈችው። መዲና ከጅዳ እያየቻት፣ አንድ በአንድ እያነሣች በላች።